«እሳቸው» ማን ናቸው?

በሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ፣ ስለ ትዳርና ጾታዊ ግንኙነት ምክር ለማኅበረሰባችን በቃል የቀረበና በኋላ የተጻፈ

እንደምን አመሻችሁ። ፊት ያሉት ሁለት ረድፎች ባዶ ናቸው፤ ከኋላ ያላችሁት ደግሞ ወንበር አንሷችሁ ግድግዳ ተደግፋችኋል። አልቀየማችሁም። የዛሬውን ርዕስ በራሪ ወረቀቱ ላይ ሳየው «ተናጋሪዋ እኔ ባልሆን በሩ አጠገብ ነበር የምቆመው» ብያለሁ።

ከመጀመሬ በፊት አንድ ሥራ አለን። እያንዳንዱ ወንበር ላይ ቁራጭ ወረቀትና እርሳስ አለ። ጥያቄ ያለው ጥያቄውን ይጻፍ፤ የሌለው የሚወደውን ወጥ ስም ይጻፍ። ብቻ ባዶ የሚተው ሰው አይኑር። ቡናው ጋ ስትሄዱ አጥፋችሁ በሩ ላይ ካለው ሙዳይ ውስጥ ጣሉት። ሁሉም ሲጽፍ ካየን ማን እንደጠየቀ አይታወቅም። ሐበሻ በተሰበሰበበት አዳራሽ «ጥያቄ ያለው እጁን ያውጣ» ሲባል እጁን የሚያወጣው ሁልጊዜ ጥያቄ የሌለው ሰው መሆኑን ካየሁ በኋላ ነው ይህን ዘዴ የያዝኩት።

የምነግራችሁ ታሪኮች ባለቤቶቻቸው «ተናገሪው» ያሉኝ ናቸው። ቢሆንም ዕድሜውን፣ ሥራውን፣ ጊዜውን ለዋውጬዋለሁ። እዚህ አካባቢ እንጀራ የምንገዛው ከአንድ ሱቅ ነው፤ መተዋወቃችን አይቀርም።

ከዓመታት በፊት አንዲት ሴት ትዳርና ጾታን ወደማማክርበት ቢሮዬ መጣች። ቅጹ ላይ «የመጡበት ምክንያት» በሚለው ቦታ የጻፈችው አንድ ቃል ነው፤ «እንቅልፍ»። ቁጭ ብላ ስታወራ ግን ነገሩ የእንቅልፍ ሳይሆን የአልጋ ነበር። አብረዋት የሚኖሩት ሰው ሲነኳት ትደነግጣለች። ትወዳቸዋለች፤ ሰውነቷ ግን ይደርቅባታል። ስለ እኚህ ሰው ስታወራ ሁልጊዜ «እሳቸው» ነው የምትለው። «እሳቸው ማታ ማታ ነው የሚሠሩት።» «ይቆጡኛል ብዬ አይደለም፣ ያዝኑብኛል ብዬ ነው።» እኔም እያዳመጥኩ በሐሳቤ አንድ ሽማግሌ ሠራሁ። ሽበት ሰጠኋቸው፤ ከዘራም ሳልሰጣቸው አልቀረሁም። ቤተሰቦቿ ሳትወድ የዳሯት ልጅ ናት ብዬ አዘንኩላት። በሦስተኛው ቀጠሮ «ባልሽ በዕድሜ በጣም ይበልጡሻል እንዴ?» ብዬ ጠየቅኋት።

ዝም አለች። ጭኗ ላይ የነበረውን ቦርሳ ዚፑን ከዳር እስከ ዳር፣ ቀስ አድርጋ ዘጋችው። «አይ፣ እኩያዬ ናቸው» አለች። በአራተኛው ቀጠሮ አልመጣችም።

የተመለሰችው ከስምንት ወር በኋላ ነው። «ተሽለሽ አይደለም፤ ሌላ አማርኛ የምትሰማ አጥቼ ነው» አለችኝ። ደግ አደረገች። ከዚያ ነገረችኝ፤ «እሳቸው» ሴት ናቸው። እኩያዋ፣ የሌሊት ፈረቃ የምትሠራ ነርስ። አንቱታው የአክብሮት አልነበረም። አማርኛ ስለ አንድ ሰው ስታወሩ «መጣ» ካላላችሁ «መጣች» ያሰኛችኋል። ከሁለቱ የሚያመልጥ አንድ ጓዳ ብቻ አለው፤ እሱም አንቱታ ነው። «መጡ» ለወንድም ለሴትም ይሆናል። ያቺ ልጅ ጓዳውን አግኝታ ገብታበት ነበር፤ እኔ «ባልሽ» ብዬ መብራቱን አበራሁባት።

ስህተቴን ስመረምረው ያናደደኝ ሌላ ነገር ነው። «ባለቤትሽ» ብል ኖሮ ምንም አይጎድልም ነበር። ባልም ሚስቱን፣ ሚስትም ባሏን «ባለቤቴ» እያሉ የኖሩበት ቃል አፌ ላይ ነበረ። ይባስ ብሎ መልሱ እጄ ላይ ነበር፤ «የባል ወይም የሚስት ስም» የሚለውን የቅጹን መስመር ባዶ ትታው ነው የመጣችው። አላየሁትም። ሽማግሌዬን እየሣልኩ ነበርና።

በሙያችን አካታች ወይም ሰውን እንዳለ የሚቀበል አሠራር የሚባለው በሰፊው የሚወራበት ነገር ነው፤ ሥልጠና አለው፣ ምስክር ወረቀት አለው፣ ግድግዳ ላይ የሚለጠፍ ባለ ቀለም ምልክትም አለው። ለእኔ ግን ነገሩ ይህን ያህል ነው፤ እርዳታ ፈልጎ የመጣ ሰው እርዳታውን ከማግኘቱ በፊት ስለ ማንነቱ ክርክር እንዲያሸንፍ አይጠየቅ። ያቺ ልጅ የመጣችው ሰውነቷ ለምን እንደሚደርቅ ለማወቅ ነበር። ሦስት ቀጠሮ ሙሉ ጉልበቷን የጨረሰችው እኔን ስትጠብቅ ነው፤ ምን እንደምል፣ ፊቴ እንዴት እንደሚሆን። ጥርሱን ያመመው ሰው ሐኪሙ ዘንድ አፉን ዘግቶ ሲቀመጥ አስቡት።

ባለፈው አንድ አባት ከንግግሬ በኋላ ያዙኝና «ታዲያ የመጣውን ሁሉ ልክ ነህ ልትሉት ነው?» አሉኝ። ጥሩ ጥያቄ ነው። አንልም። «ሚስቴ ናት፤ እምቢ ማለት አትችልም» የሚል ሰው ከእኔ ዘንድ ድጋፍ አያገኝም። የእኛ አገር የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 620 አስገድዶ መድፈርን ከጋብቻ ውጪ የሚፈጸም አድርጎ ነው የደነገገው፤ አንዳንዱ ወንድም ይህን አስተሳሰብ በሻንጣው ይዞት መጥቷል። እዚህ አሜሪካ ግን እ.ኤ.አ. ከ1993 ጀምሮ በሁሉም ግዛቶች ባልም ሚስቱን በመድፈር ሊከሰስ ይችላል። ማስገደድና ዱላ ባለበት ቤት ደግሞ ባልና ሚስትን አንድ ላይ አስቀምጬ አላማክርም፤ ቢሮዬ ውስጥ የተናገረችውን ቤት ስትገባ ትከፍልበታለችና። ለየብቻ ነው የማያቸው፤ መጀመሪያ የሚነሳውም ደኅንነቷ ነው።

ወደ ቃላት ልመለስ። ሐኪም ማዳመጫ አለው፣ ቄስ መስቀል አላቸው፤ እኔ ከቃል በቀር መሣሪያ የለኝም። በአማርኛ ስለዚህ ጉዳይ የምናወራባቸው ቃላት ደግሞ ከሦስት ቦታ የመጡ ናቸው። ከቤተ ክርስቲያን «ሩካቤ» አለ፤ ያምራል፣ ግን ማን ሚስቱን በግዕዝ ይጠራል? ከጤና ጣቢያ «የግብረ ሥጋ ግንኙነት» አለ፤ እሱን ስሰማ የኮንዶም ማስታወቂያና የቀበሌ ስብሰባ ነው የሚታየኝ። ሦስተኛው የስድቡ ነው፤ እሱን ማስተማር አያስፈልገኝም። ባልና ሚስት መብራት አጥፍተው የሚነጋገሩበት ቃል ግን የለንም ማለት ይቻላል። ስለዚህ «ያ ነገር» ይላሉ። «ያ ነገር እንዴት ነው?» «ያው ነው።» አለቀ። እኔም «ያ ነገር» ካሉኝ «ያ ነገር» እላለሁ። የእነሱን ቃል ይዤ እገባለሁ፤ ቀስ እያልን ሌላ ቃል እንፈልጋለን። አንድ ባልና ሚስት «ቡና ይፈላ?» በሚል ጨርሰውታል። ልጆቻቸው ቤታችን ቡና ይበዛል ብለው ያስባሉ።

ከቃሎቻችን ሁሉ ጉዳት ያደረሰው ግን «ስንፈተ ወሲብ» ይመስለኛል። የሐኪም ቃል ይመስላል፤ ሬዲዮ ላይም ፋርማሲ በር ላይም አለ። ስንፈት ምን ማለት ነው? መስነፍ። ሰውየው ገና ሳይመረመር ፍርዱ ስሙ ላይ ተጽፏል። በሃምሳዎቹ ውስጥ ያለ፣ ቀኑን ሙሉ ታክሲ የሚነዳ ሰው መጥቶ አንገቱን ደፍቶ «ሰንፌያለሁ» አለኝ፤ በቃ እንዲህ ነው ያለው። ስኳር እንዳለበት የነገረኝ ከአርባ ደቂቃ በኋላ፣ እግረ መንገዱን ነው። ስኳር የደም ሥርንም ነርቭንም ይጎዳል። የብልት ደም ሥሮች ከልብ ደም ሥሮች ይቀጥናሉ፤ ስለዚህ ጠባቡ ቧንቧ ቀድሞ ሲደፈን ችግሩ አልጋ ላይ ይታያል፤ የልቡ ምልክት ዓመታት ዘግይቶ ሊመጣ ይችላል። ይህ ሰው አልሰነፈም፤ ሰውነቱ ወደ ልብ ሐኪም ሂድ እያለው ነበር። ሂዶ ታየ። ስለ ቪያግራም ጠይቆኛል። መድኃኒቱ እ.ኤ.አ. በመጋቢት 1998 በአሜሪካ ከመፈቀዱ በፊት በመጀመሪያ የተሞከረው ለልብ ሕመም ነበር። ናይትሮግሊሰሪን የተባለውን የልብ መድኃኒት ከሚወስድ ሰው ጋር ግን ፈጽሞ አይስማማም፤ ደም ግፊቱን አውርዶ ሊገድለው ይችላል። ይህን የምነግራችሁ ኪኒኑ ከጓደኛ ኪስ ወደ ጓደኛ ኪስ እንደሚሄድ ስለማውቅ ነው።

ሴቶች ላይ የተለጠፈው ቃል ደግሞ «ቀዝቃዛ» ነው። ይህኛው የእኛ ብቻ አይደለም፤ የምዕራቡ ሕክምናም ለረጅም ዘመን ሴትን በዚሁ ቃል መዝግቧል። ፍላጎት ማለት ከሰማይ ዱብ የሚል፣ መጀመሪያ የሚመጣ ነገር ነው ተብሎ ይታሰብ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2000 ሮዝሜሪ ባሰን የተባለች በካናዳ የምትሠራ ሐኪም ይህንን ቅደም ተከተል ገለበጠችው፤ በብዙ ሴቶች ዘንድ፣ በተለይ ረጅም ዓመት በቆየ ትዳር ውስጥ፣ ፍላጎት ኋላ ላይ ሊመጣ ይችላል አለች። እኔ ለእናቶች ስነግራቸው በቡና ነው። ከሰዓት በኋላ ተኝተሻል፤ ቡና በልብሽ የለም። ጎረቤትሽ ቆሎውን አቀረበች፣ ቡናው መቆላት ጀመረ፣ ጭሱ መጣ። አቦሉ ሲቀዳ ምራቅሽን ዋጥሽ። ቡና ጠልተሽ ነበር? አልነበረም። የሚቆላ ሰው አልነበረም። ይህን ስል አንዲት ሴት ባሏን ዞር ብላ ያየችበትን አስተያየት አልረሳውም። «ይኸው፤ ቀጥታ በረካ ነው የምትጠይቀኝ» አለችው።

አሁን ስለ ጾም ላውራ፤ አካታችነት ሲባል ብዙ ሰው የማያስታውሰው ይህን ነው። አንድ ባልና ሚስት ወደ እኔ የመጡት ከሌላ አማካሪ ዘንድ ነው። ማስታወሻውን ይዘው መጥተዋል፤ በእንግሊዝኛ «የተሰጣቸውን የቤት ሥራ አይሠሩም፤ ይቃወማሉ» ይላል። ቀኑን ሳየው የካቲት መጨረሻ ነው። ሁዳዴ ገብቶ ነበር። የቤት ሥራው ደግሞ እርቃን ሆነው እንዲተሻሹ ነው። የ55 ቀን ጾም ላይ ያሉ ሰዎች! አማካሪዋ ክፉ ሰው አይደለችም፤ አልጠየቀችም፣ እነሱም አልነገሯትም። «ስትስቅብን ብንሰማስ» አሉኝ። ለተመሳሳይ ጾታ ጥንዶች በሯን የከፈተች ያቺ አማካሪ ጾምን እንደ በሽታ ምልክት መዝግባዋለች።

የሚያስቀው ነገር ምን መሰላችሁ? ያ የቤት ሥራ ራሱ ጾም ነው። የዛሬውን የጾታ ሕክምና መሠረት የጣሉት በሴንት ሉዊስ፣ ሚዙሪ የሠሩት ዊልያም ማስተርስና ቨርጂኒያ ጆንሰን ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1970 ይፋ ያደረጉት ዘዴ የሚጀምረው በክልከላ ነው፤ ለተወሰነ ጊዜ ግንኙነት ማድረግ የለም። ክልከላው የፈተናውን ፍርሃት ያወርዳል። «ይሆንልኝ ይሆን?» የሚለው ጭንቀት ሲነሳ ሁለቱ ሰዎች መንካትንና መነካትን እንደ አዲስ ይማራሉ። እንግዲህ ሁዳዴ ግማሹን ሥራ ሠርቶልናል። የቀረውን ግማሽ ምን እናድርገው አልን። የትኛው ንክኪ ከጾማቸው ጋር እንደሚሄድ የንስሐ አባታቸውን ጠየቁ፤ እኔ በዚያ አልገባም። ተመልሰው የመጡት በእግር እጥበት ነው።

እግር እጥበት በእኛ ቤት ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ፤ ሚስት ታጥባለች፣ ባል እግሩን ይዘረጋል። እነሱ ገለበጡት። እሱ በርጩማ ላይ ተቀምጦ ሰማያዊ የፕላስቲክ ሳፋ ውስጥ እግሯን አስገባ። መጀመሪያ ውሃው አቃጠላት፤ ጮኸች፤ ሮጦ ቀዝቃዛ ጨመረ። ከዚያ በጣቶቿ መካከል ማጠብ ሲጀምር ኮረኮራት፤ ሳቀች። ተረከዟ ላይ ያለውን ስንጥቅ አይቶ «ያምሻል?» አላት። በአስራ አንድ ዓመት ትዳር ተረከዟን አይቶት አያውቅም ነበር። ቀኑን ሙሉ ቆማ ነው የምትሠራው። ይህን ስትነግረኝ ያለቀሰችው እሷ አይደለችም፤ እሱ ነው። ፋሲካ እስኪደርስ በሳምንት ሁለት ቀን አጠባት። ከፋሲካ በኋላ ያለውን አልነግራችሁም፤ ወደ እኔ መምጣታቸውን ግን አቆሙ።

ማስተርስንና ጆንሰንን ካነሳሁ ጥፋታቸውንም ልናገር፤ ሙያዬ ንጹሕ አይደለም። እነዚሁ ሁለት ሰዎች እ.ኤ.አ. በ1979 ተመሳሳይ ጾታን የሚያፈቅሩ ሰዎችን መለወጥ ችለናል ብለው አሳተሙ። ማስረጃው ሲፈተሽ አልጸናም። ከእነሱ በፊት በ1957 ኤቭሊን ሁከር የምትባል የሥነ ልቦና ተመራማሪ ቀላል ሙከራ ሠርታ ነበር። ተመሳሳይ ጾታን የሚያፈቅሩ 30 ወንዶችንና 30 ሌሎች ወንዶችን በተለመዱት የሥነ ልቦና ፈተናዎች ፈተነቻቸው፤ ከዚያ ስምና ምልክት አጥፍታ መልሶቹን ለዘርፉ ሊቃውንት ሰጠቻቸው። የቱ ከየቱ እንደሆነ መለየት አልቻሉም። በሽታ ነው ሲባል የኖረው ነገር ምልክት አልነበረውም ማለት ነው። የአሜሪካ የአእምሮ ሐኪሞች ማኅበር ከበሽታ ዝርዝሩ ያወጣው በታኅሣሥ 1973 ነው፤ የዓለም ጤና ድርጅት በ1990።

ከሁሉ የሚገርመኝ የሮበርት ስፒትዘር ነገር ነው። የ1973ቱን ለውጥ በማኅበሩ ውስጥ ካስኬዱት ሐኪሞች ዋነኛው እሱ ነው። ሠላሳ ዓመት ቆይቶ በ2003 ደግሞ 200 ሰዎችን በስልክ ጠይቆ፣ አንዳንድ ሰው በሕክምና ሊለወጥ ይችላል የሚል ጽሑፍ አወጣ። ማስረጃው ሰዎቹ ስለ ራሳቸው የነገሩት ብቻ ነበር። ጽሑፉ ዓለምን ዞረ። በ2012፣ ሰማንያ ዓመት ሊሞላው ሲቃረብ፣ በጥናቱ አምነው ጊዜያቸውንና ጉልበታቸውን ያባከኑትን ሰዎች በይፋ ይቅርታ ጠየቀ። እኔ ሥልጠና ላይ ስሆን ይህን የምነግራቸው ለወጣት ባለሙያዎች ነው፤ ያን ያህል ያወቀ ሰው ያን ያህል ሊስት ይችላል።

እዚህ ያላችሁ እናቶች ዘንድ ይህ የመጽሐፍ ነገር አይደለም። አንዲት እናት ደውለው «ልጄን መልሱልኝ፤ ጠበል ወስጄው አልሆነም» አሉኝ። በሃይማኖታቸው አልተከራከርኳቸውም። «እትዬ፣ እኔም ሆንኩ ማንም ይህን መለወጥ አንችልም፤ እችላለሁ ብሎ ገንዘብ የሚጠይቅዎት ሰው ካለ አይስጡት» አልኳቸው። ዝም ብለው ቆዩና «ታዲያ ምን ብዬ ላናግረው?» አሉ። ከልጃቸው ጋር ከተነጋገሩ አራት ወር ሆኗቸዋል። «ድሮ ሲደውል መጀመሪያ ምን ነበር የሚሉት?» ብዬ ጠየቅኳቸው። «በላህ ወይ?» አሉ። እሱኑ ይበሉት አልኳቸው። ደወሉ፤ «በላህ ወይ?» አሉት፤ ስልኩን ሳይዘጋው አንድ ሰዓት አለቀሰ። እምነታቸው አልተለወጠም፤ አሁንም ይጸልዩለታል። እሑድ እሑድ ግን ይደዋወላሉ። መጀመሪያ ላይ ላነሳኋት፣ «እሳቸው» ትል ለነበረችው ልጅም ሰውነቷ የሚደርቅበት ምክንያት ከዚህ የራቀ አልነበረም። አገር ቤት የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 629 ወንጀል ያደረገውን ነገር ይዛ ነው ያደገችው። በር በተንኳኳ ቁጥር ጆሮዋ ይቆማል፤ አልጋ ላይም ያ ጆሮ አይተኛም። ኢላን ማየር የተባለ ተመራማሪ ይህን የአናሳ ሰው ጫና ብሎ ጽፎበታል። የሠራነው ሥራም ስለ ጾታዋ አልነበረም፤ ስለ በሩ ነበር። ቁልፉ ከውስጥ እንዲሆን አደረጉ፤ ሞባይሎቹን ሳሎን ተዉ፤ የሚነካት እጅ የማን እንደሆነ ዓይኗን ከፍታ እንድታይ ተስማሙ። ረጅም ጊዜ ወሰደ።

አሁን የምለው ለአንዳንዶቻችሁ ይከብዳል። በኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2016 በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከ15 እስከ 49 ዓመት ካሉ ሴቶች 65 በመቶው ተገርዘዋል። አዳራሹ ውስጥ ስንት ሴቶች እንዳለን እናንተው ቁጠሩ። በሕጋችን ግርዛት ወንጀል ከሆነ ቆይቷል፤ መሆንም አለበት። ግን የተገረዘችው ሴት ወንጀሉ አይደለችም። አንዲት እኅት ለወሊድ ክትትል ሄዳ እግሯን ከፍታ እንደተኛች ነርሷ «አንዴ» ብላ ወጣች፤ ሦስት ሰዎች ይዛ ተመለሰች። እንዲያዩ። ማንም ስሟን አልጠየቃትም። ከዚያ ቀን በኋላ ባሏ ዘንድ እንኳ መብራት ማጥፋት ጀመረች። የመጣችውም «ጎደሎ መሆኔን እዚህ አገር ነው ያወቅሁት» ብላ ነው።

ለእንዲህ ያለች ሴት ሁለት ውሸት አይነገራትም። አንዱ «ምንም አልሆንሽም» ነው፤ ሆናለች። ሁለተኛው «ደስታ አታውቂም፣ አታውቂውምም» ነው። ይቅርታ አድርጉልኝ፣ በስሙ ልጠራው ነው። ቂንጥር ከውጭ የምናየው ጫፉ ብቻ ነው። ሄለን ኦኮኔል የምትባል አውስትራሊያዊት ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1998 እንዳሳየችው ትልቁ ክፍሉ ከቆዳ ሥር፣ ወደ ውስጥና ወደ ጎን ተዘርግቶ ነው ያለው። ምላጩ ያን ሁሉ አይደርስበትም። ይህን በሥዕል ሳሳያት ወረቀቱን ወስዳ በመስኮቱ ብርሃን አየችው። «ማንም አልነገረኝም» አለች። ዕድሜዋ ሠላሳ አራት ነው። ሲገረዙ የተሰፉ ሴቶች ደግሞ ሕመሙ በጸሎትም በትዕግሥትም አይለቃቸውም፤ ስፌቱ በአጭር ቀዶ ሕክምና ይከፈታል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2016 ባወጣው መመሪያ ይህንንም የጾታ ምክርንም አካቷል። ሐኪማችሁን በቀጥታ ጠይቁ። የሐኪሙ ፊት ከተለወጠ ሌላ ሐኪም አለ።

ስለ ቅጼ ሳልናገር እንዳልወርድ። «የባል ወይም የሚስት ስም» የሚለው መስመር ወጥቷል። አሁን «በቤትዎ ከማን ጋር ይኖራሉ?» ይላል፤ ከሥሩም «ስለ እሳቸው ስናወራ ምን ብለን እንጥራቸው?» የሚል አለ። ሌላ መስመርም ጨምሬአለሁ፤ «ልናውቅልዎ የሚገባ ጾም፣ ጸሎት ወይም በዓል አለ?» ቅጹ በሙሉ በአንቱታ ነው። አንድ ወጣት «እንዴ፣ አያቴ ነው እንዴ የመጣው?» ብሎ ስቆብኛል። ለአካል ጉዳተኛውም፣ ሚስታቸው ለሞቱባቸው የሰባ ዓመት አዛውንትም የጾታ ጥያቄው አይዘለልም። አዛውንቱ «ይህን የጠየቀኝ ሰው የለም» ብለው በሳቅ ሞሉት፤ ከዚያ ግን ሁሉንም መልሰው መጡ።

ሙዳዩ መጥቷል፤ ሁለት ሦስቱን ላንብብ። የመጀመሪያው፦ «ሆስፒታል ስሄድ በስልክ የሚያስተረጉምልኝ ሰው ድምፁን አወቅኩት። ቤተ ክርስቲያን አብረን ነን። ዝም ብዬ ጉንፋን ነው አልኩ።» ለጠያቂው፦ የፌዴራል ገንዘብ የሚቀበል ሆስፒታል አስተርጓሚ በነጻ የማቅረብ ግዴታ አለበት፤ ዘመድዎን ወይም ልጅዎን ይዘው እንዲመጡ ሊያስገድድዎ አይችልም። አስተርጓሚ እንዲቀየርልዎ ይጠይቁ። ከሩቅ ግዛት ይሁን፣ ወንድ ይሁን፣ ሴት ትሁን ማለት ይችላሉ፤ ስምዎ ሳይጠራ በታካሚ ቁጥር ይቀጥል ይበሏቸው። አስተርጓሚው «ተመሳሳይ ጾታ» የሚለውን ቃል በስድብ ቃል ሲተረጉምም ሰምቻለሁ። ያኔ «ቃሌን እንዳለ አስተላልፍልኝ» ይበሉ።

ሁለተኛው «ዶሮ ወጥ» ይላል። አመሰግናለሁ።

ሦስተኛው «ሽሮ» ይላል፤ ጀርባው ላይ ደግሞ በትንንሽ ፊደል፦ «ኢንሹራንሱ በባለቤቴ ስም ነው። ወደ እናንተ ብመጣ ቤት የሚላከው ደብዳቤ ላይ ምን ተብሎ ይጻፋል?» አገልግሎቱ የተሰጠበት ቀንና የሰጪው ስም ሊወጣ ይችላል። ከመጀመሪያው ቀጠሮ በፊት ካርድዎ ጀርባ ላይ ወዳለው ቁጥር ይደውሉ፤ ደብዳቤው ወደ ሌላ አድራሻ ወይም ወደ ራስዎ ኢሜይል እንዲላክ ይጠይቁ። መታየቱ አደጋ ላይ እንደሚጥልዎ ከገለጹላቸው ተገቢ የሆነውን ጥያቄ መቀበል አለባቸው። ጥያቄውን በጽሑፍ ያድርጉት፤ መልሱ እስኪመጣ ቀጠሮ አይያዙ።